መልስ፦ ባለቤቱ ፈቅዶ ከሰጠ እንዴት ስርቆት ይሆናል?

ወንድሜ፣ በእንግሊዝ ሕግ ባለቤቱ በፈቃዱ የሰጠውን መውሰድ እንዴት ስርቆት እንደሚባል ጠይቀሃል። ብዙ የሕግ ተማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው።

መነሻው የላውረንስ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ እምብዛም የማይችል ጣሊያናዊ ተማሪ ለንደን፣ ቪክቶሪያ ጣቢያ ይደርሳል። አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ለታክሲ ሾፌር አሳይቶ 1 ፓውንድ ይሰጣል። ሾፌሩ አይበቃም ብሎ፣ ተማሪው ከፍቶ ከያዘው የኪስ ቦርሳ ሌላ 6 ፓውንድ መዘዘ። ትክክለኛው ሂሳብ ግማሽ ፓውንድ ገደማ ነበር። ሾፌሩ «ፈቅዶልኛል» ብሎ ተከራከረ። በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ግን አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የስርቆት ሕግ «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ» የሚል መስፈርት የለውም አለ። አገሩን ለማያውቅ እንግዳ እንዲህ ያለ ፍርድ መኖሩ ልቤን ይነካዋል።

በ1992 የጎሜዝ ውሳኔ ይህንኑ አጸና። የ2000ው የሂንክስ ጉዳይ ግን ይከብዳል። አንዲት ሴት የማሰብ ችሎታው ውስን ከሆነ ሰው 60,000 ፓውንድ ገደማ ተቀበለች። ስጦታ ነው ብላ ተከራከረች። የጌቶች ምክር ቤት ግን 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ የጥፋተኝነት ፍርዷን አጸና። በፍትሐ ብሔር የጸና ስጦታ በወንጀል ስርቆት ሲሆን እኔን አያሳምነኝም። የተለዩት ሁለቱ ዳኞች ልክ ይመስሉኛል።

ስለዚህ ስርቆትን ካልሆነው የመለየት ሸክሙ ሁሉ «ሐቀኝነት መጉደል» ላይ ወደቀ። እዚህ ላይ የ1982ቱን የጎሽን መለኪያ (ድርጊቱ በተራው ሰው ዘንድ ሐቀኝነት የጎደለው መሆኑን ተከሳሹ ራሱ ያውቅ ነበር ወይ ብሎም የሚጠይቀውን) እንዳትጽፍ! የ2017ቱ የአይቪ ውሳኔ ትቶታል፤ በ2020 የባርተን ጉዳይም የአይቪን ውሳኔ አጽንቷል። አሁን መጀመሪያ የሚጠየቀው ተከሳሹ በእርግጥ ምን ያውቅና ያምን እንደነበር ነው። ከዚያ ድርጊቱ በተራው ጨዋ ሰው ሚዛን ይመዘናል።