አሥረኛው ገጽ ላይ የሚቆም መጽሐፍ

ጥያቄ፦ ልጄ 4ኛ ክፍልን ጨርሷል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሦስት ልብ ወለድ ገዛሁለት፤ አንዱንም ከአሥረኛው ገጽ አላሳለፈም። ያነበበውን በየቀኑ አሳጥሮ እንዲጽፍ አዘዋለሁ፤ እምቢ ካለ ስልክ እከለክለዋለሁ። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከመጽሐፉ እንጀምር። ከመካከሉ አንድ ገጽ ይግለጡና ድምፁን አውጥቶ ያንብብ፤ ትርጉሙን የማያውቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ አንድ ጣቱን ይጠፍ። ሁለት ሦስት ጣት ከታጠፈ መጽሐፉ ይስማማዋል። አምስቱም ከታጠፉ ለከርሞ ያቆዩለት፤ ወይም እርስዎ ያንብቡለት። አንድም ካልታጠፈ ቀላል ነው፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ግን ቀላሉ ይሻላል፤ መጽሐፍ መጨረስን ይለምዳል።

ሲያነብ ልብ ብለው ያዳምጡት። ፊደል የሚለቅም ከሆነ ሰነፍ አይበሉት። ጽሑፋችን ጠብቆ የሚነበበውን ላልቶ ከሚነበበው አይለይም፦ «ገና» በዓሉም ነው፣ «ገና አልመጣም» የምንለውም ነው፤ «ይበላል» በላተኛውንም እንጀራውንም ይመለከታል። ትክክለኛውን ንባብ የሚሰጠው የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው፤ ፊደል እየለቀመ የሚሄድ ልጅ ደግሞ አራት ነጥቡ ጋ ሲደርስ መነሻውን ረስቶታል። ስለዚህ ስድስት ሰባት መስመር ይምረጡ፤ መጀመሪያ እርስዎ፣ ቀጥሎ አብራችሁ፣ ከዚያ እሱ ብቻውን ያንብብ። ሲሳሳት ወዲያው አያርሙት፤ ዐረፍተ ነገሩን ይጨርስ። ትርጉም አልሰጥ ሲለው ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። የሐምሌ ከሰዓት ደመናው ቤቱን ያጨልመዋል፤ መብራቱም ያው እንደሚያውቁት ነው።

አሳጥሮ መጻፉ ይቅር፤ ንባቡን የቤት ሥራ ያደረገበት እሱ ነው። ምሳ ላይ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብለው መጠየቅ ይበቃል። ስልኩንም ከንባቡ ጋር አያያይዙት፤ መጽሐፉ የስልክ መክፈያ ይመስለዋል።

90 ገጽ ያለው መጽሐፍ በቀን 5 ገጽ፣ በሳምንት 5 ቀን ቢነበብ አራት ሳምንት ሳይሞላ ያልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ሁለት መጽሐፍ ይይዛሉ፤ ከዚያ በላይ አያቅዱ። ሁለተኛውን ደግሞ ራሱ ይምረጥ፤ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ፣ ወይም 4 ኪሎ ወደሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይውሰዱት። የመረጠው ቀልድም ሆነ ስለ እግር ኳስ፣ አይከልክሉት።

ጥያቄ፦ እህቴ መስከረም ላይ 9ኛ ክፍል ትገባለች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ክረምቱን እንግሊዝኛ ብቻ ታንብብ? (ወንድም፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ «ብቻ» የሚለው ይቅር። በአማርኛ የተማረችውን ርዕስ፣ ለምሳሌ የደም ዝውውርን፣ በእንግሊዝኛ ታንብብ፤ ሐሳቡን ስለምታውቀው የሚቀራት ቃሉ ነው። ከአንድ ገጽ ከ5 ቃል በላይ መዝገበ ቃላት ውስጥ አትፈልግ፤ አለዚያ ገጹ አያልቅም። አምስቱን ቃላት ከትርጉማቸውና ካሉበት ዐረፍተ ነገር ጋር ደብተር ላይ ትጻፍ፤ በሦስተኛው ቀን ትርጉሙን ሸፍና ራሷን ትፈትን። የቀረውን ገምታ ትለፈው።