እናትሽ ዳለስ ኤርፖርት ሲደርሱ
እናቴ ዳለስ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለው ኤርፖርት፣ ብቻቸውን ሲያርፉ ኡበር እንዴት ይጥሩ ላልሽው፣ እሳቸው መጥራት የለባቸውም። አንቺው ከስልክሽ እዘዢላቸው፣ የኡበር መተግበሪያው ለሌላ ሰው መኪና መጥራት ይፈቅዳል፣ ሂሳቡም ካንቺ ካርድ ይቆረጣል። ግን አትቸኩይ። የኢሚግሬሽን ሰልፉና ሻንጣው ጊዜ ይበላል፣ ሹፌሩ ደግሞ ብዙ አይጠብቅም። ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ በኤርፖርቱ ነፃ ዋይፋይ ይደውሉልሽ፣ ያኔ አዝዘሽ የታርጋውን ቁጥርና የመኪናውን ቀለም ላኪላቸው። ታርጋው ካልገጠመ እንዳይገቡ! ውስጥ "ታክሲ ልጥራልዎት" እያለ የሚጠጋቸውን ሰው፣ በአማርኛ ቢያናግራቸው እንኳ፣ እንዳይከተሉት አደራ በያቸው። የከተማው ባቡር፣ ሜትሮው፣ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዛው ኤርፖርቱ ድረስ ይመጣል፣ ርካሽም ነው። ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ ግን ሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ላይ ወርዶ ቀዩን መስመር መያዝ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ሁሉ በረራ በኋላ ሻንጣ ለሚጎትቱ እናት አልመክረውም።