መልስ፦ «ጭንቀቴ ወደ ልጄ ተላልፏል?»

በከፊል አዎ፤ ነገር ግን ልጅዎ እንደ እርስዎ ሆና ትቀራለች ማለት አይደለም። በመንታ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሰዎች መካከል ካለው የባሕርይ ልዩነት ከዘር ውርስ ጋር የሚያያዘው ግማሽ ያህሉ ነው። የጻፉልን ችግር፣ የ7 ዓመት ልጅዎ ብቻዋን አልተኛም ማለቷና እርስዎም በየሌሊቱ አብረዋት ማደርዎ፣ ሊለወጥ ከሚችለው ወገን ነው።

ስለዚህ ከባሕርይዎ ጋር አይታገሉ፤ ለፍርሃቷ የሚሰጡትን ምላሽ ይለውጡ። በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ባለሙያው ኤሊ ሌቦዊትዝ ያዘጋጁት ሕክምና በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የሚሠለጥኑት ወላጆች እንጂ ልጁ አይደለም።

1. ቀን ላይ፣ ፍርሃቷ ሳይመጣ ይንገሯት፦ «መፍራትሽን አውቃለሁ፤ እንደምትችዪውም አውቃለሁ።»
2. ከአልጋዋ ወርደው አጠገቧ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ስትለምደው ወንበሩን ወደ በሩ ያርቁት፤ ከዚያ ከክፍሉ ይውጡ።
3. ብታለቅስ ያጽናኗት፤ ወደ አልጋው ግን አይመለሱ። ለሚጨነቅ ወላጅ ከባዱ ይህ ነው፤ ልጅቷ ብዙ ጊዜ ከእናቷ ቀድማ ትረጋጋለች።

ከወላጆች ጋር ስሠራ ደጋግሜ ያየሁትን ልጨምር። አባት «አታሞላቅቂያት» ብሎ ሲቆጣ እናት ለማካካስ የባሰ ትሸፍንላታለች፤ በሁለቱ መካከል የልጅቷ ፍርሃት ይብሳል። ከአባቷ ጋር ሳይስማሙ እነዚህን እርምጃዎች አይጀምሩ። ፍርሃቱ ከትምህርት ቤት ወይም ከምግብ የሚያስቀራት ከሆነ ግን ባለሙያ ሳያማክሩ አይቆዩ።