ቤት ውስጥ የድምፅ ሥራ ስለ መጀመር

ኮምቦልቻ ሆኖ፣ ያለ ስቱዲዮ፣ ማስታወቂያና ትረካ በማንበብ መተዳደር ይቻል እንደሆነ ለጠየቁት ወንድሜ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ማይክራፎን ከመግዛትዎ በፊት ንባብዎን ይፈትሹ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ፣ «ገና» በዓሉን ይሁን «እስካሁን» ማለትን፣ «ዋና» መዋኘትን ይሁን ቁልፍ ጉዳይን የሚለየው አንባቢው ነው፤ እኔ ጽሑፍ ሲደርሰኝ አስቀድሜ የሚጠብቁትን በእርሳስ አሰምርባቸዋለሁ።

ብርድ ልብስ በግድግዳው ላይ ቢሰቅሉ (እኛ ደሴዎች መቼም አናጣውም) የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ የከባድ መኪናን ጩኸት አያስቀርም፤ ስለዚህ ሌሊት ይቅረጹ። ከማይክራፎኑ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው፣ የመቅጃ ፕሮግራሙን የቅጂ መጠን (sample rate) 48 ኪሎኸርዝ ላይ አድርገው ይቅረጹ፤ ድምፁንም ሳይጨምቅ በሚይዘው በዋቭ (WAV) ፋይል ያስቀምጡ። ለደንበኛ የሚልኩት ናሙና ከ1 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ክፍያውንና ደንበኛው ድምፅዎን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀምበት ግን ከመቅረጽዎ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ።