በመርከብ ታንክ ውስጥ ክሎሪኑን ምን በላው?

ጥያቄ፦ የምሠራው ጭነት መርከብ ላይ ነው። 20 ሜትር ኩብ በሚይዘው የመጠጥ ውሃ ታንካችን ክሎሪን ብንጨምርም በማግስቱ ኩሽና ቧንቧ ላይ ስንለካ ምንም የለም። ውሃውን ከባሕር አትነን ስለምናመርተው ንጹሕ ነው ብለን እንተወው?

መልስ፦ አትተዉት። ማትነኛው በቫኪዩም (የአየር ግፊቱን ዝቅ አድርጎ) ስለሚሠራ ውሃው የሚፈላው ከ60 ዲግሪ በታች ነው፤ ይህ ጀርም ለመግደል አይበቃም።

መጀመሪያ ኩሽና ቧንቧው ላይ የከሰል ማጣሪያ እንዳለ እዩ፤ ካለ ክሎሪኑን የሚያስቀረው እሱ ነው፣ ሌላ ቧንቧ ላይ ለኩ። ከሌለ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ታንኩ ሥር የተኛው ዝገትና ደለል ነው። እሱ ሳይጠረግ ክሎሪን መጨመር ብክነት ነው።

ታንኩን አፍስሱና እጠቡ (ሰው ከመግባቱ በፊት የውስጡ አየር ይለካ)። ከዚያ ሞልታችሁ በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ለ4 ሰዓት አቆዩ። ለ20 ሜትር ኩብ፣ 65 በመቶ ክሎሪን የሚሰጥ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት (የክሎሪን ዱቄት) ከሆነ 1.54 ኪሎ ይፈጃል። ዱቄቱን በባልዲ ውሃ ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። ክሎሪኑ እስኪሸት ሁሉንም ቧንቧ ክፈቱ፤ ማንም የማይገባበት ክፍል ሻወር ነው የሚረሳው። በመጨረሻ አፍስሳችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ።

ከዚያ ወዲያ በጣም ሩቅ የሆነው ቧንቧ ላይ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን (በቆሻሻ ያልተበላ፣ ጀርም ለመግደል የቀረ) መገኘት አለበት።