የምታደንቂውን ሐያሲ ፈታትተሽ አንብቢ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ የጋዜጠኝነት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የፊልም ሂስ መጻፍ እፈልጋለሁ። የታወቁ ሐያሲያንን ሳነብ በጣም እቀናለሁ። የራሴን ስጽፍ ግን ወይ የእነሱ ቅጂ ይሆንብኛል፣ ወይ የፊልሙን ታሪክ ስተርክ እገኛለሁ። ምን ላድርግ? ደግሞስ በዚህ እንጀራ ይበላል?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቤተሰብሽም የሚጠይቅሽ እሱን ይመስለኛል። የፊልም ሂስ ብቻውን አያበላም። ከሬዲዮ ዝግጅት፣ ከአርትዖት ወይም ከስክሪፕት ጋር ስታዳብዪው ግን ለሥራ ይጠቅምሻል።

አሁን ወደ ቅናትሽ። ማድነቅሽን አትተዪ። ግን ልብ በይ፤ የምትቀኚው በዓረፍተ ነገሩ ነው። ሐያሲው ያንን ከመጻፉ በፊት ስክሪኑ ላይ ያየው ነገር አለ። መፈለግ ያለብሽ እሱን ነው።

አሜሪካዊውን የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርትን ውሰጂ። በፈረንጆቹ ከ1967 ጀምሮ ለቺካጎ ሰን ታይምስ ጋዜጣ ጽፏል። በ1975 ፑሊትዘር የተባለውን ታዋቂ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ሲሸለም፣ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው የፊልም ሐያሲ ነበር። አጻጻፉ ቀላል ስለሆነ ማንም የሚችለው ይመስላል። ይህ ሰው ግን ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር በምትባል ከተማ፣ አንድን ፊልም ቀናት ወስዶ ከተመልካች ጋር እያስቆመ ያይ ነበር። ከታዳሚው አንዱ «አቁም!» ካለ ይቆማል። ስለ ብርሃኑ፣ ተዋናዩ ስለቆመበት ቦታ ይወራል። ፖሊን ኬል ደግሞ ተቃራኒው ናት። ከ1968 ጀምሮ ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ የጻፈች፣ አንድን ፊልም ሁለቴ አላይም የምትል ሴት። የምታምነው የመጀመሪያ ስሜቷን ነበር። ሁለቱን ባንዴ ልቅዳ ብትዪ ጉድ ነው የሚፈላው! ከእሱ ዓይኑን፣ ከእሷ ድፍረቷን መውሰድ ግን ትችያለሽ።

እንዴት? አይተሽው በምታውቂው ፊልም ላይ የተጻፈ፣ የወደድሽው አንድ ሂስ ምረጪ። በእጅሽ ገልብጪው፤ አዎ፣ በእስክሪብቶ። ከዚያ ታሪኩን የሚተርከውን፣ የሚታይና የሚሰማውን የሚገልጸውን፣ ፍርድ የሚሰጠውን በየቀለሙ አስምሪበት። የራስሽንም እንደዚያው አድርጊ። ትደነግጪያለሽ። ትረካው ገጹን ሞልቶት ታገኚዋለሽ።

«ትወናዋ ልብ ይነካል» የሚለውንም ሰርዢ። ይልቅ «ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ ቡናው ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋ ዝም ብላ አየችው» በይ። አንባቢው ልቡን ራሱ ይንካ።

ልትጽፊበት ባሰብሽው ፊልም ላይ የማንንም ሂስ ቀድመሽ አታንብቢ። የራስሽን ጨርሺና ከዚያ ክፈቺው። የምታደንቂው ሐያሲ ካንቺ የተለየበትን ቦታ ስታገኚ ቶሎ እጅ አትስጪ። እስቲ ተከራከሪው። ምናልባት አንቺ ያየሽውን እሱ አላየውም።

ደግሞ ሐዋሳ መሆንሽን አትናቂው። አንድ ፊልም ሐይቁን ለፍቅረኞች ሽርሽር ብቻ ቢጠቀምበት፣ የአሞራ ገደልን የዓሣ ገበያ የምታውቅ ልጅ የጎደለውን ወዲያው ታያለች። ሐይቁን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ሐያሲ ላያስተውለው ይችላል።

ጥሩ ጥሩ ሦስት ሂስ ሲኖርሽ ወደ አንዱ ኤፍኤም ጣቢያ ይዘሽ ሂጂ። የኪነ ጥበብ ዝግጅት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ለእነሱ የምትሰጪው ሲነበብ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። ከመሄድሽ በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ትንፋሽ ያጠረሽ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጪው።