የት ልፈርም ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባንክ ቤት 34 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የጎረቤት ልጆች፣ የእህቶቼ ልጆች፣ አብረውኝ የሠሩ ወጣት ሴቶች ብቅ ሲሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «እትዬ፣ እንዴት ነው እዚህ የደረሱት?» ይሉኛል። ቡና እየተጠጣ የምመልሰው መልስ ሁሌም ይቆራረጣል። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ አልኩ።

ሥራ የጀመርኩት በገንዘብ ከፋይነት ነው። የከፋይ ቀን የሚያልቀው የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ አይደለም፤ ሒሳብ ሲዘጋ ነው። እጅ ላይ ያለው ብርና ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር እኩል መምጣት አለበት። ከጎደለ ከኪስ ይከፈላል።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር 400 ብር ጎደለኝ። ያኔ 400 ብር የደሞዜ አብላጫው ነበር። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዬ መጥቷል። አለቃዬ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። አልተቆጡኝም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ከጠዋቱ የመጀመሪያ ወረቀት ጀምረን አንድ በአንድ ማየት ያዝን። ሊመሽ ሲል አገኘነው። ብር ስንቆጥር ጣታችንን በስፖንጅ እናረጥባለን። በዚያ እርጥብ ጣት የተነካ አንድ የወጪ ወረቀት ከሌላው ጀርባ ተለጥፎ ኖሯል። «ዛሬ ስለፈለግነው ነው የተገኘው። ከሦስት ቀን በኋላ ማን ያገኘዋል?» አሉኝ።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የራሴንም ቀን እንደ ካዝናው እዘጋለሁ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ዛሬ ምን ሠራሁ? ምን ተማርኩ? ልቤ ሳይፈልግ እሺ ያልኩት ለማን ነው? በቃ፣ ይኸው ነው።

ስለ ሦስተኛዋ ጥያቄ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ ሕይወቴን የቀየረችው እሷ ነችና።

የመጀመሪያውን ወር ስጨርስ ገጾቹን ገልብጬ አየሁ። የባልደረባዬን ሥራ ደርቤ የሠራሁባቸው ቀናት አሉ። የማታ ትምህርቴን ትቼ ብዙም ለማላውቀው ሰው ድግስ ሽንኩርት ስከትፍ ያመሸሁበት አለ። ያበደርኩትና መልሱልኝ ለማለት ያፈርኩት ገንዘብ አለ። ከነዚህ ውስጥ በፍቅር ያደረግኩት ጥቂቱን ነው። የቀረው ይሉኝታ ነው። «ምን ይሉኛል» ብዬ ነው።

እንዳትሳሳቱ። ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ዕድርና ማኅበር ሀብታችን ነው። እኔንም በክፉ ቀን ያቆሙኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ነገር ግን በፍቅር የሚሰጥና በፍርሃት የሚሰጥ አንድ አይደለም። በፍቅር የሰጣችሁት አያደክማችሁም። በፍርሃት የሰጣችሁት ማታ አልጋ ላይ ያቃጥላችኋል። ሴት ልጅ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «እሺ የምትል፣ ጨዋ ልጅ» እየተባለች ስለምታድግ ሁለቱን መለየት ይከብዳታል።

እኔን የረዳኝ ዘዴ ቀላል ነው። ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ወዲያው እሺ ማለቱን ተውኩ። «ነገ ልንገርህ፣ ነገ ልንገርሽ» ማለት ለመድኩ። መጀመሪያ አካባቢ ምላሴ አልታዘዝልኝ አለ። በኋላ ግን ሰውም ለመደኝ፣ እኔም ለመድኩት። በዚያች አንድ ሌሊት ውስጥ ልቤ የሚለውን እሰማለሁ።

አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን የውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ለጠፈ። የምክትል ሥራ አስኪያጅ ቦታ ነው። ከተጠየቁት አምስት መስፈርቶች አራቱን አሟላለሁ። አምስተኛው ስለጎደለኝ ተውኩት። እኔው ሥራ ያለማመድኩት ልጅ ሦስቱን ብቻ ይዞ ተወዳደረና አለፈ። ሳምንት ሙሉ ተናደድኩ። አድልዎ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ አንድ ማታ ደብተሬን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። እኔን ማንም አልጣለኝም። ስሜን አላስገባሁም።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንጠላዋለን። ዛሬ ፊት ለፊት የሚናገረውም ጥቂት ነው። ግን «እኔ ምን አውቄ» ሆኖ በእኛው አፍ ይወጣል። ስብሰባ ላይ እጃችንን ስናወጣ «ምናልባት ላይሆን ይችላል ግን…» ብለን ስንጀምር ያው ተረት ነው። አስተሳሰብ የምለው ይህን ነው። ለራሳችሁ በቀን ሃያ ጊዜ የምትነግሩት ነገር።

ቀጥሎ በወጣው ማስታወቂያ ተወዳደርኩና ወደቅሁ። በሦስተኛው አለፍኩ። ያሳለፈኝ ደብተሬ ነው ብል አላጋንንም። ለቃለ መጠይቁ ስዘጋጅ የሠራሁትን በሙሉ ከነቀኑ ከዚያው አወጣሁ። ለሥራ አፈጻጸም ምዘናም እንዲሁ። ሴቶች ብዙ ሠርተን የሠራነውን አንጽፍም፤ ሥራችን ይናገራል ብለን እንጠብቃለን። ሥራ ብቻውን አይናገርም፣ ልጆቼ። አለቃችሁ የሚያስታውሰው ያለፈውን ሳምንት ነው።

ስለ ጠዋት መነሳት ብዙ ይባላል። እኔ ዲግሪዬን ያገኘሁት ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሳሁ በማጥናት ነው። ሁሉም ሰው ግን እንደዚያ ይሁን አልልም። የማታ ሰው ከሆናችሁ ማታ አድርጉት። ስልካችሁን ግን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። እኔ ያጠናሁት እናቴ ልጆቼን ስለያዘችልኝ መሆኑንም መደበቅ አልፈልግም። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅን «ልማድሽን አስተካክዪ» ማለት ግፍ ነው። ያላችሁ አንድ ሰዓት ማን እየሸፈነላችሁ እንደሆነ እወቁ። ባል ካላችሁ እሱም ይሸፍን፤ ልጁ የሁለታችሁ ነው።

በጣም የደከምኩበት ጊዜ ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ስመለስ ነው። ያኔ የወሊድ ፈቃድ በጠቅላላው 90 ቀን ነበር። ዛሬ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 120 ቀን ሆኗል፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ሥራው ሁሉ እንግዳ ሆነብኝ። ከዚህ በኋላ አበቃልኝ ብዬ አሰብኩ። በዚያው ሰሞን፣ በ1993 መስከረም፣ ደራርቱ ቱሉ ሲድኒ ላይ 10 ሺህ ሜትር አሸነፈች። በ1984 ባርሴሎና ላይ በዚሁ ርቀት ወርቅ ስታመጣ ወጣት ነበረች። ሲድኒ ላይ ግን እናት ናት። በሁለቱ ወርቆች መካከል ስምንት ዓመት አለ። እኔ ሕፃን ታቅፌ ነበር የማያት። ወልዳ ከተመለሰች በኋላ የሮጠቻቸውን፣ ማንም ያላጨበጨበላቸውን ጠዋቶች አሰብኩ። በማግስቱ ቢሮ ስገባ የረሳሁትን አንድ መመሪያ አውጥቼ ሦስት ገጽ አነበብኩ። በየቀኑ ሦስት ገጽ። በሁለት ወር ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

አሁን ስለ ገንዘብ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር።

ደሞዝ በገባ ቀን፣ ሌላው ሁሉ ከመጀመሩ በፊት፣ ከአሥር አንድ እጁን በስማችሁ በተከፈተ የባንክ ደብተር አስቀምጡ። ዕቁብም ግቡ፤ ዕቁብ ያስገድዳል፣ ማስገደዱ ጥሩ ነው። የዕቁቡን ብር ምን እንደምታደርጉበት ግን ዕጣው ሳይወጣ ወስኑ። በእጅ ከገባ በኋላ ወሳኙ ብዙ ነው።

እኔ ሳገባ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡን ራስነት ለባል ይሰጥ ነበር። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህን ቀይሮ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አስተዳደር እኩል አደረገ። የጋራ የሆነ ቤት ለብድር ሲያዝም የሁለቱም ስምምነት ይፈለጋል። ሕጉ ፊርማችንን ዋጋ ሰጠው። እኛስ?

ብድር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ባልና ሚስት ይመጣሉ። ባል ያወራል፣ ያስረዳል፣ ይከራከራል። ሚስት ነጠላዋን አስተካክላ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ወረቀቱ ሲዘረጋ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። «የት ልፈርም?»

ቤቷ ነው የሚያዘው። ልጆቿ የሚያድሩበት ቤት። ስንት ብር እንደሆነ፣ በስንት ዓመት እንደሚከፈል፣ ባይከፈል ምን እንደሚሆን አታውቅም። መጠየቅ ባልን አለማመን ይመስላታል። ከነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ የሐራጅ ማስታወቂያ ይዘው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ባሎቻቸው ሁሉ ክፉ አልነበሩም፤ አንዳንዱ ንግዱ ከስሮ ነው። እሷ ግን ያለቀሰችው ስለማታውቀው ነገር ነው።

አንዲት እናት አልረሳም። ቡናማ ሹራብ ለብሳለች፣ እስክሪብቶውን አንስታ «የት ልፈርም?» አለች። ወረቀቱን ወደ እሷ አዞርኩት። «መጀመሪያ ያንብቡት» አልኳት። ፊቷ ቀላ። ባልየው ሰዓቱን አየ። «እሱ አንብቦታል» አለች። «እርስዎስ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ነገ እንመለሳለን» ብላ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በማግስቱ ሁለቱም መጡ። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተሰመረባቸው ቦታዎች ነበሩ። ልጇ ናት መሰለኝ አብራት ያነበበችው። ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር አወጣች። አምስት ጥያቄ ጽፋ መጥታለች። ወለዱ በየወሩ ስንት እንደሚሆን፣ ባሏ ቢሞት ዕዳው በማን ላይ እንደሚቀር፣ ቀድመው ቢከፍሉ ቅጣት እንዳለው፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቀች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ባሏም ወንበሩን ጠጋ አድርጎ መስማት ጀመረ። አምስተኛውን ስትጨርስ ብድሩን መጀመሪያ ካሰቡት አሳንሰው ጠየቁ። እስክሪብቶውን ያቀበላት እሱ ነው።